ሰባት ሴንቲ የጎደለው የልብስ መለኪያ እንዴት እንደ ቆመ

የማስመሪያ ባለሟል፣ የእርሳስ ወዳጅ፣ የላጲስ እመቤት የሆኑት ልኬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ትምህርት በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ከነጩ ውድቀት በኋላ በሁለተኛው፣ ከካርቶኑ ውድቀት በኋላ በመጀመሪያው፣ ዘመኑም ዘመነ ሜትር ተብሎ ሳለ፣ የእናታቸው የልብስ ስፌት ክፍል እንዲህ ነበረ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ስድስት፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከዘጠና አንድ። በመስኮቱ ሥር አንድ የስፌት መኪና። ወንበር አራት፤ ሦስቱ ጨርቅ ስለ ተቀመጠባቸው ሰው የሚቀመጥበት አንድ፣ እሱም እግሩ የሚወላገድ። የተሰፋ፣ ያልተሰፋና ባለቤቱ የረሳው ልብስ በጠቅላላው ስልሳ አራት፣ በዘጠኝ ፌስታል ታጭቆ። ከበሩ በስተቀኝ፣ በግድግዳውና በምሰሶው መካከል፣ አንዲት ጎድጓዳ ማዕዘን ነበረች፤ የማይሠራ ቴሌቪዥንና ክዳኑ የጠፋ ባልዲ ይኖሩባት ነበር።

ልብስ የሚለካበት ስፍራ ግን አልነበረም። ስለዚህም ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ መጋረጃ ገልጦ ወደ መኝታ ቤቱ ይገባ ነበር፤ በመኝታ ቤቱም አልጋ ላይ የልኬ አባት ተኝተው ነበር። እኚህ ሰው የሌሊት ተረኛ ነርስ ናቸውና የሰው ሕመም ሲያስታምሙ አድረው፣ ጠዋት ገብተው፣ ቀን ይተኛሉ፤ ማለትም ሊተኙ ይሞክራሉ። ልኬ ለዘጠኝ ቀን በደብተር እንደ መዘገቡት፣ አባታቸው ሳይነቁ የተኙበት ረጅሙ ጊዜ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ነበር። በዘጠነኛውም ቀን አንዲት ደንበኛ በአልጋው ግርጌ ቆማ በቁም መስተዋቱ ፊት ስትሽከረከር ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይህን አዋጅ አወጡ፦

«እኔ የተኛሁት ቤቴ ነው ወይስ መናኸሪያ? ቀሚሱ አጥሯል፤ ይርዘም። አሁን ውጡልኝ!»

ልኬ የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። እናታቸው ልብስ ሰፊዋ በልጅነታቸው ከማንኛውም ቁራጭ ጨርቅ ሰፍተው ቢያለብሷቸው ልክ ይሆናቸው ነበርና «ልኬ» አሏቸው፤ ስሙም እንደ ልብሱ ልክ ሆኖ ቀረ።

ወእምቅድመ ዝንቱ፣ ማለት ከዚህ ቀደም፣ የሆነውን ደግሞ መዝግቦ ማለፍ ተገቢ ነው፤ ድል ያለ ውድቀት አይነበብምና።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በዘመነ ነጭ፣ ካፌ እንዲነድፉ ታዘው ልኬ ወለሉን ነጭ፣ ግድግዳውን ነጭ፣ ጣሪያውን ነጭ፣ ወንበሩን ነጭ፣ ነጩንም ወንበር በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ለመምህራቸው አቀረቡ። እኚህም መምህር በተማሪው ዘንድ «ወይዘሮ ሚሊሜትር» የሚባሉት ናቸው፤ የብረት ሜትር በቀበቷቸው ላይ ታጥቀው ይሄዳሉ፣ ሲናደዱም ስቦ የመልቀቁ ድምፅ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ሥዕሉንም ከላይ እስከ ታች አይተው እንዲህ አወጁ፦

«የኔ እመቤት፣ ይሄ ካፌ ነው ወይስ ጥርስ የሚነቀልበት? ሻይ የፈሰሰ ቀን ማን ያጥበዋል? በሩስ? በሩ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ጠፋብኝ፤ እኔ ከገባሁ በምን ልወጣ ነው?»

ነጥቡም ከመቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ካርቶን፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት በካርቶን ሞዴል እንዲሠሩ ታዘዙ። ልኬም የትምህርት ጓደኛቸውን ስክሪንሾትን አማካሪ አድርገው ሾሙ። ይህች ልጅ ዓለም የነደፈውን ሁሉ ከስልኳ አውጥታ የምታሳይ፣ የሠራውን ሰው ስም ግን የማታውቅ ናት። ከአሥራ ሁለት ሥዕሎች የተለቀመ ቤተ መጻሕፍት ተሠራ፤ ደረጃው በአየር ላይ የተንጠለጠለ፣ መስኮቱ ክብ፣ መደርደሪያው እንደ ማዕበል የሚታጠፍ። ውበቱ ልክ አልነበረውም። ችግሩም ያ ነበር፤ ልክ አልነበረውም። ወይዘሮ ሚሊሜትር በሩን ለክተው፣ በሃምሳ አባዝተው፣ የበሩ ቁመት ስልሳ ሴንቲ መሆኑን ደርሰውበት እንዲህ አወጁ፦

«ያምራል። ግን በዚህ በር የሚገባው ድመት ብቻ ነው፤ ድመት ደግሞ አታነብም።»

ነጥቡም ከመቶ አርባ አራት ሆነ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። የትምህርት ክፍሉም ሕግ እንዲህ ይላል፦ በዓመቱ ዋና ሥራ ሦስት ጊዜ የወደቀ ማስመሪያውን አስረክቦ ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ይዛወራል። ልኬ ከሌላ ትምህርት ክፍል አንዱንም አይሹም ነበር፤ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የአልጋቸውን ቦታ በዓመት አራት ጊዜ የሚያዛውሩ፣ ከአራቱም በሦስቱ ግድግዳ የሚፍቁ ነበሩና።

ወበሣልስ ዓመት፣ በሦስተኛው ዓመት ማለት ነው፣ ወይዘሮ ሚሊሜትር በስቱዲዮው ውስጥ ቆመው ያወጡት አዋጅ እንዲህ ነበር፦

«ዘንድሮ ከስልክ የተቀዳ ሥዕል አላይም፤ ያየሁ እንደሆነ እቀደዋለሁ። እጃችሁ የሚነካውን ክፍል ውሰዱ። የአንድ ሰው አንድ ችግር ፍቱልኝ፤ በቁጥር! በወረቀት አይደለም፤ ሠርታችሁ አቁሙት። ሜትሬን ይዤ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ። የሰውየው ችግር ካልተፈታ፣ ቀለሙ ቢያምርም ባያምርም ወድቃችኋል። ሰምታችኋል? እሺ፤ ሂዱ!»

ስክሪንሾት ይህን ሰምታ ሐዘን ተቀመጠች። ልኬ ግን የአንድ ሰው አንድ ችግር ከየት ይመጣል ብለው ሩቅ አልሄዱም፤ ከመጋረጃው ማዶ ሲገላበጥ ይሰማ ነበር። የአባታቸውን እንቅልፍ መረጡ። ቴሌቪዥኑንና ባልዲውን ከጎድጓዳዋ ማዕዘን አስወጥተው በአፏ ላይ የእንጨት ክፈፍ ሊያቆሙ አሰቡ፤ ግማሹ ልብስ የሚሰቀልበት ጣውላ፣ ግማሹ መጋረጃ። ደንበኛ በዚያ ገብቶ ይለካል፤ ወደ መኝታ ቤት የሚሻገር አይኖርም።

ለመለካትም የእናታቸውን ሜትር አነሡ። ስለዚህ ሜትር ማወቅ ያስፈልጋል። ልኬ አንደኛ ክፍል በገቡበት ዓመት የጋለ ካውያ ወድቆበት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሴንቲዎች ተቃጥለው ተቆርጠዋል፤ ስለዚህ ሜትሩ የሚጀምረው ከሰባት ነው። እናታቸው ሌላ ሜትር ቢገዛላቸው እጄ ለመደው ብለው አልጣሉትም፤ በቤቱም «ሰባት ቀንስ» የሚል ሕግ ጸና። ሕፃን ቢለካ፣ ሙሽራ ብትለካ፣ ጠረጴዛ ቢለካ፣ ሰባት ይቀነሳል። የልኬ አጎት፣ የእናታቸው ታናሽ ወንድም አናጢው፣ ሳይቀሩ ይህን ሕግ ያውቁ ነበር፤ ከእህታቸው ቤት ለመጣ ልክ ሁሉ ሰባት ቀንሰው ነበር የሚቆርጡት።

ልኬ የማዕዘኒቱን አፍ ለኩ። ሜትሩ አንድ መቶ ሃያ አምስት አለ። ሰባት ቀነሱ፤ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ። ደግመው ለኩ፣ ደግመው ቀነሱ፣ ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ስለ ጥንቃቄያቸው ደስ ብሏቸው በንድፉ ግርጌ በጉልህ እንዲህ ጻፉ፦ «ስፋት 118። ልክ ነው።» ወረቀቱንም ወደ አጎታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ላኩ።

ከአምስት ቀንም በኋላ፣ በማክሰኞ ዕለት፣ ወይዘሮ ሚሊሜትር ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ክፈፉ ወጣ። በጋሪም ላይ ተጭኖ ሲመጣ የተከተለው ሠራዊት እንዲህ ነው፦ ከፊት አጎታቸው አናጢው፣ እርሳስ በጆሯቸው ላይ ሰክተው፤ ከጋሪው በስተግራ ልኬ፣ እጃቸውን በክፈፉ ላይ ጭነው፤ በስተቀኝ ስክሪንሾት፣ ስልኳን ዘርግታ ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ ሁለት ጊዜም ቦይ ውስጥ እየገባች፤ ከኋላ ጎረቤታቸው እትዬ፣ ወዴት እንደሚኬድ ሳይጠይቁ፣ ሰው ከሄደ ልቅር ወይ ብለው፤ ከሁሉም ኋላ አንዲት ደንበኛ፣ አንድ እጅጌዋ የተሰፋ፣ አንዱ በስፒል የተያዘ፣ ክንዷን እንደ ባንዲራ ዘርግታ።

ክፈፉም ወደ ክፍሉ ገባ፣ ተነሣ፣ በማዕዘኒቱ አፍ ላይ ቆመ። ወርእዩ ኵሎሙ፤ ሁሉም አዩ። በግራ በኩል ምሰሶውን ነክቷል። በቀኝ በኩል ግን በክፈፉና በግድግዳው መካከል ከላይ እስከ ታች ክፍተት አለ፤ ጎረቤታቸው እትዬም በዚያ አንድ ዓይናቸውን አሳልፈው ውስጡን ሁሉ አዩ፣ ማየታቸውንም ለተሰበሰበው ነገሩ። ተለካ። ሰባት ሴንቲ ነበር።

አጎታቸው አናጢው እርሳሱን ከጆሯቸው ነቅለው አዋጅ አወጡ፦

«በእኔ አታሳብቡ! እህቴ ቤት የተለካ ሁሉ ሰባት ይቀነስለታል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ‹መቶ አሥራ ስምንት፣ ልክ ነው› ብለሽ ጻፍሽ፤ የሜትሩ ልክ ነው ብዬ ሰባት ቀነስኩ። የተቀነሰ ከሆነ ‹ተቀንሷል› አይባልም እንዴ? ‹ልክ ነው› ምን ማለት ነው?»

ልኬም ፊታቸው እየቀላ፦ «ልክ ነው ማለትማ ትክክል ነው ማለት ነው፤ ጋሼ! ቀንሼ ነው ልክ ነው ያልኩት!» ብለው አወጁ። ሁለቱም አዋጆች በአንድ ላይ በተነገሩ ጊዜ ከመጋረጃው ማዶ ሦስተኛ አዋጅ ተሰማ፤ የአባታቸው ነበር፤ ሊጻፍ ግን አይገባም። እናታቸው ልብስ ሰፊዋም እግራቸውን ከመኪናው ፔዳል ሳያነሡ፣ በከንፈራቸው ስፒል እንደ ያዙ፣ ፍርድ ሰጡ፦

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ልክ ያልሆነው ክፈፉ ብቻ ነው። እኔ ሁለቴ ቀንሼ ብሰፋ ኖሮ ይሄ ሰፈር ራቁቱን ነበር የሚሄደው።»

አናጢው ጣውላ ለጥፌ እዘጋዋለሁ አሉ፤ ጣውላው ግን የሚገባላቸው ዓርብ ነበር፣ ወይዘሮ ሚሊሜትር የሚመጡት ደግሞ ሐሙስ። ስለዚህ ልኬ በዚያው ማክሰኞ ብቻቸውን ዘመቱ። መጀመሪያ ካርቶን ለጠፉ፤ ካርቶኑ ወደቀ። ቀጥሎ ጨርቅ ሰቀሉ፤ ጨርቁን በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ወደ ውስጥ ሳበው፣ ክፍተቱም እንደ ዓይን ይጨፈንና ይገለጥ ጀመር። ቀጥሎ መስተዋት ሊያቆሙበት አስበው መስተዋቱ ከክፍተቱ በሦስት እጥፍ እንደሚሰፋ ባወቁ ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ስክሪንሾትም ከጎናቸው ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን የምክር አዋጅ አቀረበች፦

«ስሚኝ። ንድፉ ላይ መቶ አሥራ ስምንቱን አጥፍተሽ መቶ አሥራ አንድ በይው። ክፍተቱን ‹የአየር መተላለፊያ› በይው። ማን ያውቃል? ስልኬ ላይ እንዲህ ዓይነት ክፍተት ያለው ስንት ቤት አለ መሰለሽ፤ ሆን ብለው ነው የሚሠሩት!»

ልኬ ላጲሱን አነሡ። ይህን መደበቅ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም፤ አነሡ፣ አንዱን ቁጥርም ግማሹን ፋቁ። ከዚያ በኋላ የአየር መተላለፊያ ተብሎ በተሰየመ ክፍተት የምትታይ ደንበኛ ምን እንደምታደርግ አሰቡ፤ ወደ መኝታ ቤት ተመልሳ ትሄዳለች። አባታቸውም ይነቃሉ። ላጲስ የፋቀው ወረቀቱን እንጂ ክፍተቱን አይደለም ብለው ላጲሱን አስቀመጡ፣ ያጠፉትንም መልሰው ጻፉ።

በረቡዕ ዕለት በሚወላገደው ወንበር ላይ ደብተር ይዘው ተቀመጡ፤ ከሁለት ዓመት ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል አላዩም፤ የእናታቸውን እጅ አዩ። ከጠዋት እስከ ማታ እናታቸው ከመኪናው ዐርባ ሦስት ጊዜ ተነሡ። አሥራ ሁለቱ መቀስ ፍለጋ፣ ዘጠኙ ክር ፍለጋ፣ ስምንቱ ደንበኛ ለመቀበል፤ የቀሩት አሥራ አራቱ ግን ከበሩ ኋላ ተደግፎ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወድቀውን የመተኮሻ ጠረጴዛ ለማንሣት። ተኩሰው ያጥፉታል፣ ያቆሙታል፣ ይወድቃል፣ ያነሡታል፣ ይረግሙታል። ልኬ በአሥራ አራተኛው ውድቀት ብድግ አሉ። ሜትር አንሥተው የታጠፈውን ጠረጴዛ ውፍረት ለኩ፣ ሰባት ቀነሱ፣ ሁለት ጊዜ ቀንሰው እንዳይሆን ደግመው አሰቡ። ስድስት ሴንቲ ተኩል ነበር።

አቆሙትና ወደ ክፍተቱ ገፉት። እንደ ዳቦ ወደ ምድጃ ገባ። ከታች እስከ ትከሻ ድረስ ክፍተቱ ጠፋ፤ ከትከሻ በላይ ለቀረውም አንድ ማንጠልጠያ መቱ፣ የክሮቹም ከረጢት በዚያ ተሰቀለ። እናታቸው መጥተው ሳቡት፣ መለሱት፣ ሳቡት፣ መለሱት፤ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን፦ «ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር?» የሚል አጭር አዋጅ ወጣ።

ልኬ አላበቁም። ጠረጴዛው ወጥቶ ሲተኮስበት ክፍተቱ ይገለጣልና ይህን ጠላት ከሩቅ አዩት። ስለዚህ በደብተራቸው ሌላ ሠንጠረዥ አሰመሩ፦ በሁለት ቀን ውስጥ ልብስ የለኩ ደንበኞች አሥራ ዘጠኝ፤ ከእነዚህ እየለኩ ሳለ እናታቸው የተኮሱበት ጊዜ፣ ዜሮ። ደንበኛ ሲለካ እናታቸው ስፒል በአፋቸው ይዘው ከጎኑ ይቆማሉና። ንድፉን አልነኩትም፤ ከ«118። ልክ ነው።» በታች ግን በቀይ እንዲህ ጻፉ፦ «የተሠራው 111። ሁለት ጊዜ ተቀንሷል፤ ስሕተቱ የቃል ነው፣ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሐሙስም ሆነ። አባታቸው ከሥራ ገብተው በሁለት ሰዓት ከሩብ ተኙ። ወይዘሮ ሚሊሜትር በአራት ሰዓት መጡ፤ በዚያም ቤት አዋጅ ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። የብረት ሜትራቸውን ሳቡ፣ ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፋቸው ይዘው መለሱት። አፉን ለኩ፣ አንድ መቶ አሥራ ስምንት። ክፈፉን ለኩ፣ አንድ መቶ አሥራ አንድ። ቀዩን ጽሑፍ አነበቡ። ሁለቱን ሠንጠረዦች አነበቡ። ከዚያ መተኮሻ ጠረጴዛውን ሳቡና በክፍተቱ በኩል ልኬን አፍጥጠው አዩ፤ ልኬም ከማዶው አፍጥጠው ቆሙ።

በዚህ መካከል ሦስት ደንበኞች ገቡ። ሁለቱ በሰላም ለኩ። ሦስተኛይቱ ጠባብ ሱሪ ስትለካ በአንድ እግሯ ቆማ ሚዛኗን ሳተች፣ መተኮሻውን ተደገፈች፣ መተኮሻውም ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ እንደ ከበሮ ጮኸ። ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማው ማንኮራፋት ቆመ። እናታቸው እግራቸውን ከፔዳል አነሡ። ከጥግ ሆና በስልኳ ትቀርጽ የነበረችው ስክሪንሾት መቅረጿን አቆመች። ደንበኛይቱ በአንድ እግሯ ደረቀች። ልኬ ሰዓታቸውን ያዩ ነበርና ይህ የሆነው ለአሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ማንኮራፋቱ ካቆመበት ቀጠለ።

ወይዘሮ ሚሊሜትር ወደ ልኬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ አወጁ፦

«ሥዕልሽ እንዳምናው አያምርም። መጋረጃው ተጣሟል። ስሕተትሽን ግን ከእኔ በፊት አግኝተሽዋል፣ የእናትሽንም እጅ ቆጥረሻል፤ ይሄን አላስተማርኩሽም። ነገር ግን እኔ እንቅልፍ ነው ያዘዝኩት፣ መተኮሻ አይደለም። ሰውየው ከተኛ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ከነቃ ነጥብሽ አርባ ሰባት። ከሞላ ስልሳ አራት። ሲነቁ ደውዪልኝ፤ እንዳትዋሺኝ፣ ድምፅሽ ያስታውቃል።»

ይህን በእርሳስ ጽፈው ሰጥተው ወጡ። ልኬም በመጋረጃው በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሙ። አምስት ሰዓት ሆነ። እግሩ የሚከብድ ደንበኛ መጣ፤ ጫማውን አስወልቀው አስገቡት። ጎረቤታቸው እትዬ ሊያወሩ መጡ፤ አፋቸውን በእጃቸው አስይዘው መለሷቸው። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ ሦስቱ ሰዓት ሞላ። ልኬ ግን ከበሩ አልተነሡም፤ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ተኩል ሆነ። ሰባት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሲሆን አልጋው ተንቋቋ። ሳይነቁ የተኙት አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ነበር።

ኦ ልኬ፣ የማዕዘን አስተካካይ፣ የክፍተት ገዥ! ነጩን ዘመን ተሻግረው፣ የካርቶኑን ዘመን ተሻግረው፣ ሁለት ጊዜ በተቀነሰ ጣውላ ላይ ያልተቀነሰ ልብ ያቆሙ! ከእርስዎ በፊት ብዙዎች ክፍል አስጌጡ፤ የእናታቸውን መነሣት አንድ በአንድ የቆጠረ ግን በዚህ ዜና መዋዕል አልተገኘም። ላጲስ በእጅዎ ሳለ የፋቁትን መልሰው የጻፉ፣ ስሕተትዎን በቀይ የጻፉ፣ በሹክሹክታ ያሸነፉ፣ ስምዎ ከእርሳስ በደመቀ ቀለም ይጻፍ፤ ማስመሪያዎም በእጅዎ ይጽና።

በዚህ ጊዜ አባታቸው ዓይናቸውን እያሹ፣ ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ለብሰው፣ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ባዶውን ወንበርና ጸጥ ያለውን ክፍል አይተው፣ ለሚስታቸው አዝነው፣ የዕለቱን የመጨረሻ አዋጅ አወጡ፦

«ምነው፣ ዛሬ አንድም ደንበኛ አልመጣም እንዴ? ሥራው ቀዘቀዘ?»

በዚያን ዕለት እስከዚያች ሰዓት ገብተው ልብስ የለኩ ደንበኞች ቁጥራቸው ዘጠኝ ነበር።